አጨብጭቢልኝ

የክሬሰንት ታውኑ መኖሪያ ሕንፃ ሊፍት ምድር ወለል ላይ ደርሶ ተከፈተ፤ የእማማ እታገኝ እግር ግን ደፉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ሲያሰኘው እንዲህ ይገትራቸው ነበር።

"እማዬ፣ በዚህ እግርሽ ምን ዳንስ አለ? ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብሽ" ብላ ልጃቸው ሐሴት ክንዳቸውን ሳበች።

"አትጎትቺኝ። አጨብጭቢልኝ።"

"ሰው እያየን?"

እሳቸው ምን ገዷቸው፤ እንደ እሳቸው ከታመሙ ሴቶች ጋር ሲደንሱ የለመዱትን ዜማ እያንጎራጎሩ ጭናቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። መጀመሪያ ትከሻቸው ሰማ፤ ከዚያ ጉልበታቸው። እግራቸውም እንደ ታዛዥ ልጅ ተነሥቶ ደፉን ተሻገረ።

ሐሴት አፏን ይዛ ውስጥ ቀረች። እናቷ ሊዘጋ የነበረውን በር በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ያዙላትና፣ "ምነው ልጄ፣ አንቺም ተገተርሽ? ላጨብጭብልሽ?" አሏት።