ሕንፃ የሚያኮርፍበት ሰፈር

ሊድስ ከተማ ዳር ባለው ሰፈራችን፣ ግማሽ ቀን ሰው ያልረገጠው ሕንፃ ያኮርፋል፤ ካኮረፈ ደግሞ ተነስቶ ሰው ወደሚበዛበት ይሄዳል። ፖስታ ቤቱ ባለፈው ወር ጥሎን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነዋሪው ተራ ገብቶ የቀሩትን እየዞረ ይጠይቃል።

ቅዳሜ ተራው የእኔና የባለቤቴ የትርንጎ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ገብተን ጋዜጣ አገላበጥን። መዋኛው ጋ፣ ዋና ስለማልችል እግሬን ብቻ ነከርኩ። መጠጥ ቤቱ ግን ሆደ ባሻ ነው፤ እሱ ዘንድ ቆየት አልን።

"ሦስተኛው ብርጭቆም ለሰፈሩ ነው?" አለችኝ ትርንጎ።

"ቅር እንዳይለው ብዬ ነው።"

አመሻሽ ላይ ስንመለስ ቤታችን የለም። የቀረው የእግር መጥረጊያው ብቻ ነው።

"ዶሮ ወጤን ጥጄ ነበር የወጣሁት" አለች ትርንጎ።

የወጡን ሽታ ተከትለን ሁለት መንገድ ተሻገርን። ቤታችን ከጡረተኛዋ ከሚስ ዶሪን ቤት አጠገብ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሚስ ዶሪን ጓደኞቿን ቤታችን ውስጥ ሰብስባ በእኛ ሳህን ትበላለች።

"ግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ ነው" አለችን።

ትርንጎ ገባች። እኔ ልከተላት ስል በሩ ፊቴ ላይ ጥርቅም አለ። ትንሽ ቆይታ ትርንጎ በመስኮት ብቅ አለች።

"እንቁላሉን ጨርሰውታል" አለችኝ። "ቤቱ ደግሞ ጠፋህ ብሎ ተቀይሞሃል። ሽማግሌ ላክበት።"

ደጅ ቆሜ ማንን እንደምልክ አሰብኩ። በዚህ ሰፈር ከእኔ ጋር የሚቀራረበው መጠጥ ቤቱ ብቻ ነው።