የመድና ቀጠሮ

ቲጃኒ የጊንጆ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው። የሰው ወገብ በዓይኑ ይለካል፤ ሜትሩን የሚያወጣው ደንበኛው ቅር እንዳይለው ብቻ ነው። በቁጥር ማን ይደርስበታል! ፊደል ግን አልቆጠረም። ፊርማው የአውራ ጣቱ አሻራ ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ነቀርሳ ይዞሃል የተባለ ዕለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እህል ውሃ አልቀምስ ብሎ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። «በሽታው አይደለም የገደለው፣ ስሙ ነው» ይላል ቲጃኒ እስከ ዛሬ።

ያ ስም ዞሮ ዞሮ የሱም ቤት ገባ። በ1971 ዓመተ ምሕረት ቲጃኒ አዲስ አበባ ለጨጓራ ቁስለት ተቀዶ ተኝቶ ሳለ፣ ስታስታምመው የከረመችው ሚስቱ መድና «እኔም ላይ ነቀርሳ ተገኘብኝ» አለችው። ሳይብስባት በመርፌ አድነዋታል፤ እንዳያገረሽ ግን በየስድስት ወሩ መመርመር አለባት። ቲጃኒ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር በሞላ ቁጥር ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያወጣሉ፤ ማልደው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ጊቤ ድልድይ ላይ ፈታሹ ወታደር ወረቀቱን ያነብና ቲጃኒን ቀና ብሎ አይቶ፣ «እግዜር ይማርዎት አባት» ይላል።

«ታማሚና አስታማሚ የማይለይ ወታደር ጠላትን በምን ሊለይ ነው!» ይላል ቲጃኒ። የሚለው አውቶቡሱ ከተነሳ በኋላ ነው እንጂ፣ ማን ደፍሮ!

ሆስፒታል ሲደርሱ ደግሞ ይብሳል። «አስታማሚም ይመርመር የሚል መመሪያ ወጥቷል» አለችው መድና። በዚያ ዘመን መመሪያ ነው ከተባለ ማን ምን ይጠይቃል? ነጭ ወፍራም ነገር ያጠጡታል፣ ራጅ ያነሱታል፣ ሆዱን ይጫኑታል። ቀጥሎ ወጣቱ ሐኪም መድናን ብቻዋን አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ግን በርቶ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለም አሉ!»

የቀጠሮ ካርዱን ሻሿ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። እሱን አታስነካውም።

በሦስተኛው ዓመት ቀሚሷ ጠበባትና አስፋልኝ ብላ ሰጠችው። አራት ጣት አሰፋላት። በዚያው ሳምንት የራሱን ሱሪ ሁለት ጣት አጥብቦ ነበር፤ ያንን ከነገር አልቆጠረውም።

ከጎኑ ጫማ የሚሰፋው አባቦራ ግን ቀሚሱን አይቷል፤ የሆስፒታሉንም ነገር ከራሱ ከቲጃኒ ሰምቷል።

«አቦ ቲጃኒ፣ ነቀርሳ ያለበት ሰው ይወፍራል እንዴ?»

«መድኃኒቱ ይሆናል።»

«በር የሚዘጋ ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት? ወይ ያንተ ነገር! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።»

በቃ፣ የቅናት እሳት ገባበት። ከሰዓት ሥራውን ትቶ ቤቱ ገባ።

«ነቀርሳው አለብኝ ብለሽ እስቲ ወላሂ በዪ!»

መድና የሻሿን ቋጠሮ በእጇ ያዘች።

«ወላሂ በዪ አልኩሽ!»

«ቲጃኒ፣ አንድ ነገር ልንገርህ...»

«ወንድሜን የገደለ ስም መቀለጃሽ ሆነ? ዘጠኝ ቀን እህል አልቀምስ ብሎ የሞተበት ስም?»

ወንድሙ ሲነሳ መድና የከፈተችውን አፍ ዘጋች። ይህችን ዝምታ ነው እንግዲህ እንደ ምስክር የቆጠረባት።

ፈታት። አሰንዳቦ ያሉ ወላጆቿ ዘንድ ልትሄድ ስትነሳ በሱቁ በኩል አልፋ፣ ካርዱን ከሻሿ ፈትታ ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችለት።

«ቀኑ ሲደርስ ለሐኪሙ ውሰድልኝ። እኔ ብቀርም አንተ ሂድ፤ በአላህ ይዤሃለሁ።»

«ጭራሽ ደብዳቤ አመላላሽ ልታደርገኝ!» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ወረወረው።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከችበት። የሚገርመው አስታርቁኝ አላለችም። «ትዳሩ ይቅር፤ ለቀጠሮው ብቻ አዲስ አበባ ያድርሳት» አሉት ሽማግሌዎቹ።

«የሚወዳት ሐኪም መጥቶ ይውሰዳት!» አላቸው። አባቦራ ወስፌውን ይዞ ሳቀ።

ቀጠሮው አለፈ። በዚያ ሰሞን መሠረተ ትምህርት ያልተመዘገበ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር የለውም ተባለ። ስኳር ለቸገረው ሰው ምን ምርጫ አለው? ቲጃኒም በሃምሳ ዓመቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አስተማሪዋ ሰናይት የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ነበረች።

«ጋሼ ቲጃኒ፣ መጀመሪያ የሚጽፉት የራስዎን ስም ነው» አለችው።

ሦስት ፊደል ናት። ወደዳት። በልብስ ማስመሪያ ጠመኔው ጨርቅ ላይ ጻፋት፣ ጠረጴዛው ላይ ጻፋት፣ የሱቁ መዝጊያ ላይ በትልቁ ጻፋት። እህል አልረጋለት እያለ ሱሪውን እንደገና አጠበበ። «የሚያበስልልኝ አጥቼ እኮ ነው» እያለ መድናን ረገማት።

ማንበብ ሲጀምር ያ ሐኪም ትዝ አለው። የዚያ ሰውዬ ስም ካርዱ ላይ ሳይኖር አይቀርም! ስሙን ይዞ ቀበሌ ሊከሰው ቆርጦ መሳቢያውን ከፈተ። ካርዱን ከክር ድውር ስር አወጣና አቧራውን አራገፈ። የቀጠሮውን ቀን አየ፤ ቁጥር ነው፣ ቁጥር ያውቃል። ካለፈ ሰባት ወሩ ነው።

ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «የ... በ... ሽ... ተ... ኛ... ው... ስ... ም።»

ቀጥለው ያሉትን ሦስት ፊደላት በጣት መከተል አላስፈለገውም፤ ፊት ለፊቱ መዝጊያው ላይ፣ በገዛ እጁ በጠመኔ ተጽፈው ነበር።