የደስተኛው ሰው ሽንኩርት

በዚያ ዘመን በባለሙያዎች የኢንተርኔት ገጽ ላይ ያስመዘገቡትን ጠባይ መለወጥ ክልክል ነበር። ምንተስኖት ደግሞ ራሱን «ሁሌም ደስተኛው አሠልጣኝ» ብሎ አስመዝግቧል። ደረቱ ላይ የተሰካችው ካሜራ ፊቱን ስትጠብቅ ትውላለች፤ አንዴ ካለቀሰ ገጹ ይዘጋል፣ ከገጹ ጋር እንጀራውም ይዘጋል። ሕጉ የሚምረው አንድ እንባ ብቻ ነው፤ የሽንኩርት።

ያሳደገችው አክስቱ ማረፏን የሰማ ዕለት ጥርሱን እንዳገጠጠ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ዝናሽ ገና ስታየው ገባት። ምንም ሳትጠይቅ መክተፊያና ቢላ አቀረበችለት።

«ዛሬ ወጡን አንተ ነህ የምትሠራው» አለችው።

የመጀመሪያውን ሽንኩርት እንደሰነጠቀ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ተንሰቀሰቀ። ካሜራዋ ሽንኩርቱን አየችና «ደስተኛው አሠልጣኛችን ምግብ እያበሰለ ነው!» ብላ አበሰረች። ተከታዮቹ አጨበጨቡ።

ሽንኩርቱ አለቀ፤ ልቅሶው ግን ገና ነበር። ፊቱን ታጥቦ፣ ፈገግታውን አስተካክሎ ወደ ጉሊት ወረደ።

«አምስት ኪሎ ሽንኩርት» አላት ሻጯን፣ እየሳቀ።

ሴትየዋ ሚዛኑን ትታ ቀና ብላ አየችው። ከዚያም ካሜራዋ እንዳትሰማ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ውይ በሞትኩት! ማን ሞተብህ፣ ልጄ?» አለችው።