የራስጌው ግድግዳ

መራጊው አልጋውን ወደ መሃል ስቦ፣ በራስጌው በኩል ያለውን ጭቃ ልጦ ቢላዋውን እንጨቱ ላይ ቢሰካው እስከ እጀታው ሰጠመ። ምስጡ ላዩን ብቻ ትቶ ውስጡን ዱቄት አድርጎታል። «እትዬ፣ ይኼ ግድግዳ እኮ የቆመው ይሉኝታ ይዞት ነው» አለ። «ቀሪውም እንዲህ ከሆነ ቤቱን ከማፍረስ ሌላ መላ የለውም።»

ሴትዮዋ ጠጋ ብላ ዱቄቱን በጣቷ ነካች። ቤቱን ያቆመው ሟች ባለቤቷ ነበር፤ ምስጥ እንዳይበላው ብሎ እንጨቱን በኒም ቅጠል ጭማቂ የቀባውም እሱ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ለዚህ ነበር? መራጊው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ጭቃውን ላጠ። አሁን ቢላዋው ነጥሮ ተመለሰ። እንጨቱ ከላይ እስከ ታች የቅጠሉን ጥቁር አረንጓዴ ቀለም እንደያዘ ነበር። ምስጡ የሠራው የአፈር መንገድ እስከ ቀለሙ ጫፍ መጥቶ፣ እዚያው ታጥፎ ተመልሷል።

«ጉድ እኮ ነው!» አለ መራጊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኼን ሁሉ ዓመት! በሉ ቤቱ ተርፏል፤ የተበላውን ብቻ እንቀይራለን። ግን ባለቤትዎ ምነው ግማሹን ተዉት?»

«ቅጠሉ አንሷቸው ይሆናል» አለች።

መዳፏን ደህናው እንጨት ላይ አሳረፈች፤ ቀዝቃዛና ጠንካራ ነበር። ቀለሙ የሚያልቀው ሁለቱ ትራሶች ይገናኙበት ከነበረው ቦታ ላይ ነው። እሷ በምትተኛበት በኩል አንዲት ስንጥቅ እንኳ ሳትቀር ተቀብታለች። እሱ በሚተኛበት በኩል አንድም ጠብታ አልነበረም።