በውሉ ያልተሸፈነችው

በዚያ ዘመን መኪኖች አደጋ ሲመጣ ቀድመው የሚያድኑት በመድን ውላቸው ላይ የተመዘገበውን ሰው ነበር። የሰው መኪና ይዞ የወጣ ግን ለራሱ ይወቅበት ተብሎ ይተዋል። ጌድዮን ይህን እያወቀ ሚስቱን ስንዱን ሳያስመዘግባት ዛሬ ነገ ሲል ቆየ። "ምን ቸገረሽ፣ የምነዳው እኔ ነኝ" ይላት ነበር።

አንድ ቀን ደረቱን ውጋት ቀስፎ ያዘውና ከወንበሩ ወደቀ። ስንዱ ደግፋ መኪናው ውስጥ አስገባችው፤ መኪናው አደጋ ካልመጣ በራሱ የማይነዳ አሮጌ ስለነበር መሪውን ራሷ ያዘች።

"እርስዎ በውሉ አልተሸፈኑም፤ ቢነዱ በራስዎ ኃላፊነት ነው" አለ መኪናው።

"ተይ ስንዱ፣ ሌላ መኪና ይጠራ" አለ ጌድዮን እያቃሰተ።

"እስኪመጣ ልትሞትብኝ ነው? ዝም ብለህ ተንፍስ!" ብላ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ኩርባው ላይ ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና መንገዳቸውን ዘግቶ መጣ። ስንዱ ወደ ቀኝ ልትጠመዝዝ ስትታገል መሪው እጇ ላይ በራሱ ወደ ግራ ዞረ። ጌድዮን ነገሩ ገባው።

"ተው! ሚስቴ ናት!" ብሎ ጮኸ።

መኪናው የስንዱን ጎን ለጭነት መኪናው ሰጥቶ እሱን አተረፈው።

በሠልስቱ ጌድዮን ከሆስፒታል ወጥቶ ከለቀስተኛው ጋር ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ አንድ አዲስ መኪና ያለ ነጂ መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ።

"እንኳን ተረፉ፣ አቶ ጌድዮን። በጠፋው ንብረትዎ ምትክ የመጣሁ ነኝ" ብሎ በሩን ከፈተለት።

ዓይናቸው የደከመው የስንዱ እናት ቀና አሉ።

"ማነው የመጣው፣ ልጄ?"