ለሔርሜላ ሰርግ የተቀመጠው ውስኪ

ደምሰው የታናሽ ወንድሙን የአስቻለውን ስም ከልጁ ሰርግ የጥሪ ዝርዝር ላይ የሰረዘው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሰርጉ ቅዳሜ ነበር።

ምክንያት አልቸገረውም። አስቻለው ይጠጣል። ሔርሜላ የተመረቀች ጊዜ ፓስተሩ እያዩ ኬኩ ላይ ተደፍቷል። ከዚያ ወዲህ ደምሰው «ጠጥተህ ደጄን እንዳትረግጥ» ብሎታል። እሁድ እሁድ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይ ቆሞ፣ የመጣውን ሁሉ በፈገግታ የሚቀበለው ግን ይኸው ደምሰው ነው።

ሔርሜላ አጎቷን ትወዳለች። አባቷ በሁለት ሥራ ሲሯሯጥ ትምህርት ቤት ያመላለሳት አስቻለው ነው። ሰርጓ ላይ ቆሞ እንዲመርቃት ለምና አባቷን እሺ አሰኝታ ነበር። ደምሰውም ለወንድሙ ቁርጡን ነገረው፦ «አንድ ጠብታ ከቀመስክ የለህበትም።»

ውስኪው የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አስቻለው ዳውንታውን አንድ ሆቴል ጋራዥ ውስጥ የእንግዶች መኪና ፓርክ ያደርጋል። አንዱ እንግዳ ሃያ አምስት ዓመት የቆየ ሲንግል ሞልት የሚባል ውስኪ ሰጠው። አስቻለው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን በቃሉ ያዘው፤ ሃያ ሁለቱን ዓመት በአንድ በርሜል፣ የቀረውን ሦስት ዓመት ደግሞ ሼሪ የሚባል ወይን ጠጅ በነበረበት በርሜል። በእርጅናው ቤት ቀየረ ማለት ነው። «ለዚህ እኮ ነው እንደ ኮሶ ማር የቀላው» እያለ ጠርሙሱን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ ላየው ሁሉ ያሳይ ነበር። ያኔ ሔርሜላም ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። «እኩያዋ ነው፤ የሰርጓ ዕለት በዚህ ጠርሙስ ነው የምመርቃት» ብሎ ማለ። ያገኘውን ሁሉ ሲጠጣ ያንን አልነካውም።

ሐሙስ ዕለት ደምሰውና ሚስቱ ጌጥነሽ ጋራዣቸው ውስጥ ነበሩ። ለሰርጉ የገዙትን አፕል ጁስ ፍሪጅ ውስጥ ይደረድራሉ። አስቻለው መጣ። ጢሙን ተላጭቷል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ወፈርም ብሏል። ያንን ጠርሙስ ታቅፎታል።

«ጋሼ፣ ይኸው የሔርሜላን አመጣሁት።»

ደምሰው ጠርሙሱን አየው። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ወርቅ ያበራል። የክዳኑ ማሸጊያ ግን ተቀዷል።

«ከፍተኸዋል።»

«አዎ፣ ከፍቼዋለሁ።»

«ጠጥተሃላ!»

«አልጠጣሁም ብልህ ታምነኛለህ?»

«አላምንህም።»

«እንግዲያው አንተው ቅመሰው።»

ደምሰው ፊቱ ተለዋወጠ። አልኮል በአፉ ካልዞረ ሃያ ዓመቱ ነው። ጭራሽ እሱንም ሊያስተው መጣ! «ውጣልኝ!» አለ።

አስቻለው ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ሲወጣ ዞር ብሎ፣ «በሉ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት» አለ።

«ፍሪጁ ሞልቷል» አለች ጌጥነሽ።

ደምሰው ሳያጣራ የሚፈርድ ሰው አይደለም፤ ቢያንስ ራሱን የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ግሌንዴል ደወለ። አስቻለው እዚያ አብዱልወሃብ ከሚባል ባለ ታክሲ ጋር ቤት ተጋርቶ ይኖራል። አብዱልወሃብ መጠጥ አይቀምስም፣ አይዋሽምም።

«እውነቱን ንገረኝ አብዱልወሃብ። ሰሞኑን እቤት ውስጥ ውስኪ ሸቶሃል?»

«በቀደም መታጠቢያ ቤቱ በሙሉ ውስኪ ውስኪ ይሸት ነበር። መስኮት ከፍቼ ነው ያናፈስኩት። ግን ጋሽ ደምሰው፣ ይስሙኝማ...»

«በቃኝ።» ስልኩን ዘጋ። ሽንት ቤት ተደብቆ መጠጣት ጀመረ ማለት ነው! ስሙን ሰረዘ፤ «ቅዳሜ እንዳትመጣ» ብሎም ጻፈለት። ወንድሙ ነው፤ አንጀቱ አልራራም አይባልም። ግን ላከው።

ሔርሜላ አለቀሰች። «ፕሊስ አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አናግረው! ሂ ፕሮሚስድ ሚ፣ ቃል ገብቶልኛል!»

«አመል ያወጣል ከመሃል፣ ልጄ። እኔ አላስወጣሁትም።»

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንግዶቹ ጁሳቸውን ይዘው ለምርቃቱ እንደቆሙ፣ ከፓርኪንጉ ጩኸት ተሰማ። አስቻለው ነው። አዲስ ሱፍ ለብሷል። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማውን በእጁ ይዞታል። የሔርሜላን ስም እየጠራ ያለቅሳል። ሽታው ከሩቅ ይጣራል። አብዱልወሃብ በብብቱ ገብቶ ደግፎታል።

«ጠዋት ደህና ነበር» አለ አብዱልወሃብ፣ ደምሰውን ቀና ብሎ ሳያይ። «ከረባቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ።»

ሔርሜላ በቬሎዋ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ ፊቷን አዞረች። አስቻለውም ስትዞር አያት፤ መጮኹን ተወ።

ደምሰው ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። «አላልኳችሁም? የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!» አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፓስተሩ ትከሻውን መታ መታ አደረጉለት። ደምሰው በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ዐረፈ።

እሁድ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት፣ ያንን ጠርሙስ ከጋራዥ አምጥቶ እቃ ማጠቢያው ላይ ከፈተው። ሽታው ልብሱ ላይ እንዳይቀር ፊቱን አዙሮ፣ ክንዱን ዘርግቶ አንቆረቆረው። ጌጥነሽ አጠገቡ የሰርጉን ብርጭቆዎች ታጥባለች። እጇን ከውሃው አወጣችና አሸተተች። ከዚያ ከሚወርደው ላይ ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

«ደምሰው» አለች፣ «ይሄ እኮ አፕል ጁስ ነው።»