ቅጣቱ የተከፈለ ለታ

በአዲሱ ሕግ ገበያውን ብቻውን ጠቅልሎ የያዘ የቴክኖሎጂ ድርጅት የሚቀጣው በገንዘብ አይደለም፤ በየቤቱ ያስገባው፣ እያወራ የቤት ሥራ የሚሠራ ረዳት ማሽን ስለ ደንበኞቹ የሚያውቀውን ሁሉ እንዲረሳ ይደረጋል። የመጀመሪያው ቅጣት የተፈጸመው ዛሬ ጠዋት ነው። ፍርዱን የሰጡት ዳኛ አሰገደች ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ጎረቤታቸው አቶ ሸዋንግዛው በአጥሩ በኩል ተጣሩ።

«ክብርት ዳኛ! ይሄ ረዳት ተብዬ ስኳር በሽታ እንዳለብኝ ረስቶ ሻዬን እንደ ማር አጣፍጦ ሰጠኝ እኮ!»

«ታዲያ ይንገሩታ! ካልተስማማዎትም አውጥተው የሌላ ድርጅት ረዳት ያስገቡ፤ አሁን ሁሉም እኩል አያውቅዎትም። እስከ ትናንት ይሄ መብት ነበረዎት?»

አቶ ሸዋንግዛው እያጉረመረሙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ዳኛዋ በፍርዳቸው ኮርተው ወደ ማድቤት ገቡ። የራሳቸው ረዳት ድምፅ ተቀበላቸው።

«እንደምን አደርሽ? ስምሽ ማን ነው?»

ዳኛዋ ባሉበት ቀጥ አሉ። ችሎት መቀመጥ ከጀመሩ ወዲህ አገር ምድሩ አንቱ ነው የሚላቸው። አንቺ የሚሏቸው እናታቸውና ታላቅ እህታቸው ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም አርፈዋል።

ረዳቱ ደነገጠ መሰል፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ ልበልሽ እንዴ?» አለ።

ዳኛዋ ሳቃቸው መጣ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከእንግዲህ ለእሱ የሚነገረውንና የማይነገረውን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፤ የፈረዱትም ለዚሁ ነው።

«አሰገደች እባላለሁ» አሉት። «ሌላውን ስፈልግ እነግርሃለሁ። አንቺ ማለትህን ግን እንዳትረሳ።»